የጦይባ የጡት ልጅ

ሉባባ እንድሪስ በኮምቦልቻው የአረጋውያን መንደር ስትቀጠር መጀመሪያ የተማረችው መተኛት ነበር። በቀድሞ የፋብሪካ ሼዶች ውስጥ ያለው ይህ መንደር የሚኖረው በቤጂንግ ሰዓት ነው። ከተማው ገና ዶሮ ሳይጮኽበት ሰው ሠራሽ ሰማይ የሆነው የሼዶቹ ጣሪያ ቀስ እያለ ይነጋል፤ ከቻይና የመጡት ሽማግሌዎችም ፊታቸውን ታጥበው ለቁርስ ይቀርባሉ። ፀሐይ በየጎፍ ተራራ ላይ ብቅ ስትል እነሱ ምሳ ላይ ናቸው። የኮምቦልቻ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ደግሞ በጣሪያው ላይ ኮከብ ይወጣል። እንዲህ የሆነው ቻይና የቀሩት ልጆቻቸው ከሥራ ወጥተው በግድግዳው ላይ ብቅ ሲሉ ወላጆቻቸው ነቅተው እንዲጠብቋቸው ነው። መስኮት የለም። በመስኮት ፋንታ እያንዳንዱ ሰው የተወለደበትን ሰፈር የሚያሳይ ግድግዳ አለው፤ እዚያ ሲዘንብ እዚህም ግድግዳው ላይ ይዘንባል።

ሼዶቹን እናቷ ወይዘሮ ጦይባ በደንብ ያውቋቸዋል። በወጣትነታቸው ሼድ ሰባት ውስጥ ሱሪ ይሰፉ ነበር። በኋላ ማሽኖቹ ያለ ሰው መስፋት ሲለምዱ ፋብሪካዎቹ ወደ ወደብ ተጠግተው ሄዱ፤ ሼዶቹም ለብዙ ዘመን የርግብ ማደሪያ ሆነው ቆዩ። ከዚያ ቻይና አረጀች። በዜና የሚባለው እንዲሁ ነበር፤ ስለ አንድ ጎረቤት የሚወራ ይመስል። እዚያ ተጧሪው በዛ፣ ጧሪው ጠፋ፤ እዚህ ደግሞ ሥራ ፈላጊው መንገድ ሞልቶ ነበር። ሁለቱ መንግሥታት ተነጋገሩ። ሼዶቹ ታጠቡ፣ አልጋ ገባባቸው፣ ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያዎቹ ሽማግሌዎች በባቡር መጡ። በአጥሩ ላይም በሁለቱ ቋንቋ «አንድ ቤተሰብ» ተብሎ ተጻፈ።

የከተማው ሰው የመንደሩን ሠራተኞች «ሞግዚት» ይላቸዋል። ሉባባ በዚህ አትከፋም ነበር። እንደ እኩዮቿ ሁሉ ቻይንኛ ከልጅነቷ ጀምራ የተማረችው ለዚሁ ነው። ሁለት ሳምንት ከውስጥ ታድራለች፤ ሦስተኛውን ሳምንት ከቦርከና ወንዝ ማዶ ባለው ቤታቸው ከእናቷ ጋር ትከርማለች። ያን ሳምንትም ቢሆን ጎረቤት እራት ሲያቀርብ እሷን እንቅልፍ ይጥላታል፤ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ትነቃለች። ወይዘሮ ጦይባ «ልጄ እቤቴ አለች፤ ግን አላገኛትም» ይሉ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ሼን ዴሁዋ የሚባሉ ሰው ተሰጧት። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ጉዋይጆ በሚባል ተራራማ አገር ዕድሜ ልካቸውን የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ሰው ናቸው። ልጃቸው ዪሚንግ ወደ ሃምሳ እየተጠጋ ነው፤ አላገባም፣ አልወለደም፣ ከአባቱ ጋር የሚኖርበት ሰፊ ቤትም ጊዜም የለውም። መንደሩን የመረጠው እሱ ነበር። ሽማግሌው ግን አልመረጡም። ከመጡ ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገሩም። ምግቡን ገፋ ያደርጋሉ፤ ልጃቸው በግድግዳው ላይ ሲመጣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ሞግዚቶቹ ለሽማግሌዎቹ ምላስ የሚቀል የቻይና ስም ይሰጣቸዋል፤ ሉባባም ሌላ ስም ነበራት። አንድ ቀን ግን ምክትል ኃላፊው አቶ ይመር ከበሩ ሆኖ በእውነተኛ ስሟ ጠራት። ሽማግሌው ቀና አሉ። በአገራቸው ቋንቋ «ባባ» ማለት አባት ነው፤ የሰሙት «አባት ሉ» ተብሎ ሲጠራ ነው። አባት ሉ የቱ ነው ብለው ጠየቁ። ይህ ከአፋቸው የወጣ የመጀመሪያው ቃል ነበር። ሉባባ እኔ ነኝ አለቻቸው። ሠላሳ ስድስት ዓመት የሞላትን፣ ሻሽ የጠመጠመችውን ሴት ከላይ እስከ ታች አዩና ሳቁ። በጣም ከመሳቃቸው የተነሳ በእጃቸው ላይ ያለው የልብ ምት የሚቆጣጠር አምባር ጮኸ፤ ሐኪሟም እየሮጠች መጣች። ሐኪሟ ነጭ፣ በአራት እግር የምትሄድ፣ የደም ሥር ፈልጋ የማትስት ማሽን ናት፤ ከተማው «ፍየሏ» ይላታል።

ከዚያ ወዲያ ተግባቡ። የአነጋገራቸውን ዘዬ ጆሮዋ ላይ ያለው የአስተርጓሚ መሣሪያ ይስተው ስለነበር ሉባባ ራሷ ለመደችው። ምግቡ አልጫ ነው ብለው ሲያማርሩ ጥቂት ሚጥሚጣ በወረቀት ጠቅልላ አመጣችላቸው። አገራቸው በርበሬ ወዳድ ነው፤ ቀምሰው እንባቸው መጣና ሌላ እንድትጨምርላቸው ጠየቁ። ስለ መንገዶች አወሯት፤ ስለ ጭጋግ፣ በገደል አፋፍ ስለሚዞሩ ጥምዝ መንገዶች፣ ለአዲስ ዓመት ወደ ቤቱ ስለሚመለስ ሕዝብ።

በዚያ ዓመት ክረምት ሲገባ የወይዘሮ ጦይባ እግር ማበጥ ጀመረ። ዳገቱን ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ሲተኙ ደግሞ ሦስት ትራስ ካልደረደሩ ይታፈናሉ። ሉባባ ወደ ከተማው ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ልብ ነው ተባለ፤ የልብ ሐኪም ደሴ ነው፤ ተራው የሚደርሰው ከመስከረም በኋላ ነው ተባለ። ከዚያ የሁለት ሳምንት ፈረቃዋ ደረሰና እናቷን ለጎረቤት አደራ ብላ ገባች።

ሽማግሌው ነገሩን ከፊቷ አወቁ። ምን ሆንሽ አሏት፤ ምንም አለች። እሳቸው ግን አርባ ዓመት በመስታወት ውስጥ የተሳፋሪ ፊት ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸውና ምንም አለመሆኑን አላመኑም። በመጨረሻ ነገረቻቸው። ከዚያ፣ «እናቴ የሞተች ቀን የሌሎች ሰዎችን እናቶች እየጫንኩ ነበር» አሏት። «አንቺም እንዲሁ ነሽ።»

በማግስቱ ዳይሬክተሯን አስጠሩ። ዳይሬክተር ፋን አርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ኮምቦልቻ ብዙ ዓመት የኖረች፣ አማርኛዋ የወሎ ወዝ ያለው ሴት ናት። ሽማግሌው የሉባባ እናት ገብተው በፍየሏ ይታዩ አሉ። ፋን አዘነች እንጂ አልተቆጣችም። መንደሩ ለነዋሪዎችና ለቤተሰባቸው ብቻ ነው አለች። ሽማግሌው አጥሩ ላይ የተጻፈውን ጠቀሱባት። እሷም ያ ሰላምታ እንጂ ሕግ አይደለም አለቻቸው፤ ቤተሰብ ማለት በሥጋ ወይም በጋብቻ ነው።

«እንግዲያው እናቷን አገባታለሁ» አሉ።

ሉባባ ይህን ለእናቷ በስልክ ስትነግራቸው ወይዘሮ ጦይባ ሳቅ ጀመሩና ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ትንፋሻቸው ሲመለስ እንደማይሆን ተናገሩ። ሃይማኖታቸው አይፈቅድም፤ ቢፈቅድም ባላቸው እንድሪስ ከሞተ ወዲህ የወንድ ጫማ ከበራቸው አልተቀመጠም። ደግሞ ለመታከም ብዬ ባል አገባሁ ልበል እንዴ አሉ። ሉባባ ነገሩ በዚሁ ያለቀ መስሏት ልትሰናበት ስትል ግን እናቷ አስቆሟት።

«ሰውየው እዚህ አገር እናት አለው?» አሉ።

«እማዬ፣ ሰማንያ አራት ዓመታቸው እኮ ነው።»

«ዕድሜውን አልጠየቅሁሽም። እናት አለው ወይ? ከሌለው ጡት ልስጠው። የጡት ልጅ ይሁነኝ። ግን እኔ ወደሱ ዘመድ ፍለጋ አልሄድም፤ እሱ ይምጣ።»

የጡት ልጅነት የጥንት ልማድ ነው። የሚያሳድገው ሰው ማር የተቀባ አውራ ጣቱን ያጠባል፤ የጠባው ልጅ ይሆናል። በሉባባ ዘመን የሚያደርገው ሰው ጠፍቶ ነበር። ለሽማግሌው ስትነግራቸው አልሳቁም። እኝህ ሴት ስንት ዓመታቸው ነው ብለው ጠየቁ። ስልሳ ስድስት አለቻቸው። ትንሽ አሰቡና የሚለብሱት ንጹሕ ሸሚዝ እንድታወጣላቸው አዘዟት።

ነዋሪ ለጥቂት ሰዓት ከዳይሬክተሯ ጋር መውጣት ይፈቀድለታል። የወጡት በመንደሩ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ፣ በከተማው ረፋድ ላይ ነበር። ሽማግሌው ከበሩ እንደወጡ ቆሙ። ከባቡር ከወረዱ ጀምሮ እውነተኛ ፀሐይ አላዩም፤ ሰውነታቸው ማምሻ ነው ሲላቸው ሰማዩ ጠዋት ነው አላቸው። እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸው ላይ የሚያርፈውን ሙቀት ያዩት ነበር። ፋን አላቻኮለቻቸውም።

ወይዘሮ ጦይባ ነጭ ለብሰው በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ጎረቤት ተሰብስቧል። ሼህ ሙሔ የተባሉ የሰፈሩ ሽማግሌ ለምስክርነት ተጠርተዋል፤ እሳቸውም በቅድሚያ በሸሪዓው ጡት የሚባለው ሕፃን ሲጠባ መሆኑን፣ ይህ ግን የአገር ወግ እንደሆነ፣ በወግነቱም እንደሚመሰክሩ አስረዱ። ሽማግሌው ሼን በሁለት ሰው ተደግፈው ተንበረከኩ። ወይዘሮ ጦይባ አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ አጠለቁ። ከጎረቤት አንዳንዱ ሊስቅ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ግን ያ ሽበታም ራስ ዝቅ ብሎ ጣቱን ሲስም፣ ማሩንም ሲቀምስ፣ የሳቀ አልነበረም። ወይዘሮ ጦይባ ትከሻቸውን ያዝ አድርገው አስነሷቸው። እስከዚያ ሰዓት ድረስ በሉባባ በኩል «አንቱ» ሲሏቸው ነበር።

«ተነስ» አሏቸው፤ «ጉልበትህን ያምሃል።»

ዳይሬክተር ፋን ነገሩን ለበላዮቿ አስተላለፈች። መልሱ ፈጥኖ መጣ፤ ሰው ሳይሆን መዝገቡ ራሱ ነበር የመለሰው። እናት ከልጇ በዕድሜ ልታንስ አትችልም፤ ጥያቄው ተሰርዟል። አቶ ይመር ታዲያ ወይዘሮ ጦይባ የሽማግሌው ልጅ ተብለው ቢመዘገቡስ፣ ለዕድሜውም ይስማማል ሲል መከረ። ወይዘሮ ጦይባ እምቢ አሉ። «ያጠባሁ እኔ ነኝ። ለመድኃኒት ብዬ ልጄን አባቴ አልለውም።» ሉባባ ለመነቻቸው፤ እግራቸው እስከ ጉልበት አብጧል፤ ሌሊቱን ቁጭ ብለው ነው የሚያሳልፉት። ንቅንቅ አላሉም። ሉባባ ከእናቷ ቤት እየተቆጣች ስትወጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ኩራት ነው የሚገድላት አለች ለራሷ።

የሚቀጥለው መውጫ ቀን ሲደርስ ሽማግሌው ሼን እናታቸውን ለመጠየቅ ሄዱ። ሾርባ ቀረበላቸው፣ ጠጡ። የመመለሻው ሰዓት ደረሰ፣ አልተነሱም። ፋን አባበለቻቸው። እሳቸው ወንበሩን አጥብቀው ይዘው፣ የእናቴ ቤት ነው፣ የትም አልሄድም አሉ። ወይዘሮ ጦይባ ከትራሳቸው ተደግፈው ያያሉ። ሉባባ ፈራች። ነዋሪ ጠፋ ከተባለ የምትባረረው እሷ ናት።

ያኔ ፋን ቁጭ አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በአማርኛ፣ አንድ ነገር አለ አለች። ነዋሪ ከመንደሩ ውጭ ማደር የሚችለው የሥጋ ልጁ ከፈቀደ ነው፤ ይህን ለማጽደቅ መዝገቡን አንጠይቅም፤ የልጁ ቃል ይበቃል። ካደረ ደግሞ ፍየሏ ትከተለዋለች። ፍየሏ በሄደችበት ቤት ከነዋሪው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚተነፍስን ሁሉ ትመረምራለች፤ በሽታ እንዳይተላለፍ ተብሎ እንዲህ ነው የተሠራችው። ይህን ተናግራ ወደ ወይዘሮ ጦይባ እግር ተመለከተች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ዪሚንግ ዘንድ ደወለች።

ዪሚንግ ገና ከሥራ መውጣቱ ነበር፤ ከጀርባው ሰው ይጋፋል። ነገሩን ሲሰማ ተቆጣ። አባቱን ጤናቸውን ጠብቁልኝ ብሎ እንደሰጠ፣ ለማያውቃቸው ድሆች ቤት እንዳልሰጠ ተናገረ። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሉባባ «ድሆች» የሚለውን ሳትተረጉም አለፈችው፤ እናቷ ግን ከድምፁ ገባቸው። እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ተቀበሉ፤ ሰውየውንም ትክ ብለው አዩት።

«ከስቷል» አሉ። «ንገሪው፤ አባትህ የጡት ልጄ ነው፤ አንተ የልጅ ልጄ ነህ በይው። በልተሃል ወይ በይልኝ።»

ሉባባ ተረጎመች። የሚያልፉት ሰዎች የዪሚንግን ትከሻ ሲገፉ ይታያል።

«ምን አሉ?» አለ።

«በልተህ እንደሆነ እየጠየቁ ነው።»

አልበላሁም አለ። ከጠዋት ጀምሮ? አዎ፣ ከጠዋት ጀምሮ። ወይዘሮ ጦይባ በቁጣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በል ሂድ፣ ብላ። ከበላህ በኋላ ደውል፤ የአባትህን ነገር ያኔ እንነጋገራለን። በባዶ ሆድ የተነገረ ነገር አይበጅም።»

ስልኩ ተዘጋ። ፋን ኮርኒሱን ታያለች። ብዙ ከቆዩ በኋላ ስልኩ ጮኸ፤ ዪሚንግ ነበር፤ አንድ ትንሽ ምግብ ቤት ውስጥ ተቀምጧል፤ ሳይጠየቅ ባዶ ሳህኑን አሳየ። አባቱ ዓይናቸውን ገለጡ። ልጅና አባት ተያዩ። ዪሚንግ መፍቀዱን የተናገረው ለአባቱ ሳይሆን ለወይዘሮ ጦይባ ነበር።

በማግስቱ ፍየሏ በድንጋዩ ዳገት ላይ እየተመነጠቀች መጣች። ሽማግሌውን መረመረች፤ ከዚያ ወደ አልጋው ዞራ ወይዘሮ ጦይባን ስትመረምር ብዙ ቆየች። መድኃኒት ሰጠች። ሳምንት ሳይሞላ እብጠቱ መጉደል ጀመረ፤ ትራሱ ከሦስት ወደ ሁለት፣ በኋላም ወደ አንድ ወረደ። ከጎረቤት አንዷ ጦይባ ልጅ ያደረገችው ለመድኃኒቱ ብላ ነው አለች። ወይዘሮ ጦይባ ሰሙ፤ አልካዱም። «አዎን፣ ለመድኃኒቱም ነው። ታዲያ ዘመድ ለመቼ ነው?»

ሽማግሌው ሼን ከሁለት ዓመት በላይ በዚያ ቤት ኖሩ። በራፍ ላይ ተቀምጠው በታች በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወርዱትን ሾፌር አልባ መኪኖች ያያሉ፤ ኩርባው ላይ ዘግይቶ የሚጠመዝዘውን ሲያዩ ይሰድቡታል። «አብሽር» የሚለውን ቃል ተምረው ለሁሉም ነገር ይጠቀሙበት ነበር። እናታቸው ይቆጧቸዋል፤ ጋቢ ሳትደርብ ወጣህ፣ ጨው አበዛህ ይሏቸዋል። ዪሚንግ እየበላ ይደውላል። ወሬው ወደ መንደሩ ደረሰና ሌሎች ነዋሪዎችም ከተማው ውስጥ እናት፣ እህት፣ ልጅ ይፈለግልን ማለት ጀመሩ። አንዳንዶቹ አገኙ። በሁለተኛው ዓመት ከቤጂንግ አዲስ ደንብ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ከመንደሩ ውጭ ማደር አይችልም፤ የወጡት ግን ባሉበት ይቆዩ ተባለ። ፋን ወደ ሌላ አገር ተዛወረች። ሉባባ ቀኑን ሙሉ ልጃቸውን የሚጠሩ አንዲት አሮጊት ተሰጧት፤ እሳቸውን ወደ ውጭ የምታወጣበት በር አልነበረም። ልጃቸውን ሲጠሩ እሷ «አቤት» ትላቸዋለች።

ሽማግሌው በጥቅምት፣ በራፉ ላይ ተቀምጠው ሳለ ሞቱ። የመንደሩ ሰዎች መጥተው ወሰዷቸው፤ እንደ ደንባቸው አቃጥለው አመዱን በትንሽ ሣጥን መለሱ። መቃጠሉን ጎረቤት አልወደደውም፤ ወይዘሮ ጦይባም አልወደዱም፤ የወገኖቹ ሥርዓት ነው ብለው ዝም አሉ። ሣጥኑ በዚያው ሳምንት በአውሮፕላን ሊላክ ነበር። ዪሚንግ ግን አትላኩት፣ እኔ እመጣለሁ አለ።

መጣ። በግድግዳና በስልክ ብቻ የሚታወቀው ሰው ቁመቱ አጭር ሆኖ ተገኘ። ድንኳን ተጥሎ ነበር፤ ሰው ልጅ ለሞተባት እናት እንደሚደረገው ለወይዘሮ ጦይባ «አላህ ያጽናሽ» እያለ ይገባል። ዪሚንግ ምን ማድረግ እንዳለበት ሉባባን ጠየቃት። ምንም፣ ተቀመጥ አለችው። ምንጣፉ ላይ ከወንዶቹ መሃል ተቀመጠ፤ ያቀረቡለትን በላ። ሊመለስ ያሰበበት ቀን ሲደርስ አልሄደም፤ ሌላ ቀንም ጨመረ።

በመጨረሻ ሉባባን ይዞ ወደ ወይዘሮ ጦይባ ገባና ተንበረከከ። ሣጥኑን በሁለት እጁ ይዞታል። እናቱ እርስዎ ነዎት፤ የት እንደሚያርፍ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት አላቸው። እዚህ ይረፍ ካሉኝ፣ እዚሁ እተወዋለሁ።

ወይዘሮ ጦይባ ብዙ አሰቡ። «ሚስቱ የት ናት?» አሉ።

«ጉዋይጆ ተራራው ላይ፣ ከመንደራችን በላይ።»

«እንግዲያው ወደሷ ውሰደው። ብቻዋን ቆይታለች።»

ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኙት። ዳገቱንና ሜዳውን በራሳቸው እግር፣ በከዘራ ሄዱ። ከባቡሩ ደጃፍ ዪሚንግ ጎንበስ ሲል መዳፋቸውን አናቱ ላይ ጭነው ዱዓ አደረጉለት። ሲደርስ እንዲደውል፣ ከመደወሉ በፊት ደግሞ እንዲበላ በሉባባ አስነገሩት። ሣጥኑን አቅፎ ገባ። ባቡሩ ያለ ድምፅ ተንሸራቶ ወጣ፤ ሸኚው ሁሉ ተበተነ። ሉባባ ክንዳቸውን ይዛ እንሂድ አለቻቸው፤ ፀሐዩ ከርሯል፣ መድኃኒታቸውም ደርሷል።

ወይዘሮ ጦይባ ከሐዲዱ ዓይናቸውን አላነሱም።

«ቆይ» አሉ፤ «ልጄን እየሸኘሁ ነው።»